ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ሳል

እኛ ፍራሽ ቤት ውስጥ ጠዋት ሰው ሲቆጠር «አለሁ» የሚል የለም። አፉን የከፈተ ሰው ጥጥ ይጎርሳላ! ስለዚህ ጋሽ ጆሮ በሩ ላይ ቆመው የየሰዉን የሥራ ቦታ ይጠራሉ፤ እኛ ደግሞ እናስላለን። «መርፌ!» ሲሉ አክስቴ በአፍንጫዋ በኩል የምታወጣት ደረቅና ኩሩ ሳል ትሰማለች። «ማሽን!» ሲሉ ከጥግ በኩል በርሜል የተንከባለለ የሚመስል «ግህም!» ይመጣል። «ሙሌት!» ሲሉ ጥጥ የምሞላው እኔ ነኝ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ኡህ፣ ኡህ፣ ኡኡኡህ።

ዓይናቸው ምን ሆኖ ነው በጆሮ የሚቆጥሩት የሚል ሰው እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። የጋሽ ጆሮ ዓይን ደህና ነው። ማሽኑ ከአሮጌ ፍራሽ የወጣውን ጥጥ ማባዘት ሲጀምር ግን የሚነሳው ብናኝ አንድ ክንድ የማያሳይ ነው፣ መውጫ አጥቶም እስከ ጠዋት ያድራል፤ ከፊቴ የተቀመጠው ፍራሽ ይሁን ሰው የማውቀው ነክቼ ነው። መስኮቶች የሉንም እንዳትሉ፣ አሉን። ሁሉም በሚስማር ተመተዋል እንጂ። በግቢው በኩል ያሉት ሲከፈቱ ጥጡ በነፋስ ይነሳል፤ የቤቱ ባለቤት እትዬ ደግሞ አንዲት ብን ያለች ጥጥ ባዩ ቁጥር ከኪሳቸው የወጣች ይመስላቸዋል። በመንገዱ በኩል ያሉት ሲከፈቱ ጎረቤታችን ሽቦ አቃጣዩ መዳብ ለማውጣት የሚያነደው የላስቲክ ጭስና የአላፊ አግዳሚው ከባድ መኪና ጥቁር ጭስ ተቃቅፈው ይገባሉ። «ከሰው ጭስ የራስ ጥጥ ይሻላል» ብለው እትዬ ፈረዱ፤ ሚስማሩም ተመታ።

ለጋሽ ጆሮ ይህ ቅጽል ስም የወጣላቸው በከንቱ አይደለም። ከሳል ብቻ ማን ቁርስ እንዳልበላ፣ ማን እንቅልፍ እንዳጣ ይናገራሉ። አንዱን ጭነት አውራጅ ገና «ኡሁ» ከማለቱ «ከሚስትህ ጋር ታረቅ» ብለውት እንደ ሕፃን ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ ማየት ስል ሰምቻለሁ ማለቴ ነው።

ባለማሽኑም እኔን የወደደኝ በዚሁ ዓይነት ነው፤ ፊቴን ሳያይ ሳሌን ወደደ። አዲስ በገባ ሰሞን እኔ ኡህ፣ ኡህ፣ ኡኡኡህ ካልኩ ከጥጉ «ግህም» ይላል። አጋጣሚ መሰለኝ። ነገሩን ለማጣራት ሳያስለኝ አሳልኩ። «ግህም!» አለ። ምሳ እስኪደርስ ድረስ ተጠራርተን ዋልን። ሌላው ሰው በስልክ ይጃጃላል፤ እኛ በሳል ተጃጃልን።

ከድምፁ የተነሳ ስድሳ ዓመት የሞላው፣ ሆዱ የገፋ ሰው ነበር የጠበቅኩት። ከሥራ ስንወጣ ግቢ ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር አንድ ጥጥ በጥጥ የሆነ ሰው ጎንበስ ብሎ ፊቱን ሲታጠብ አየሁ። ነጩ ቅንድብ ታጥቦ ጥቁር ሆነ፣ ነጩ ፂም ታጥቦ ጭራሽ ጠፋ፤ ቀና ሲል ምን የመሰለ ጎረምሳ!

«ሁለት አጭር አንድ ረጅም አንቺ ነሽ?» አለኝ ውኃው ካገጩ እየተንጠባጠበ።

«ብሆንስ ምን አገባህ?» አልኩት። ልቤ ግን በዚያው ሄዳለች። ከዚያ ሳቅኩ፤ ሳቄን ሳል ቀማኝ። የኔ ሳቅ እንደዚያ ነው፣ ይጀምርና መንገድ ላይ ሳል ይረከበዋል። እስከ መጨረሻው የሰማው ሰው የለም፤ እኔም ራሴ ጭምር።

ወር ሳይሞላን ልንጋባ ተስማማን። እኔ የምኖረው ከአክስቴና ከልጆቿ ጋር ነው፤ አንድ ክፍል፣ ከሰል ምድጃዋ ውስጥ፣ እኛም ውስጥ። ፍራሽ ሲሞሉ እየዋሉ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ መተኛት የእኛ ዕጣ ነው። ባለማሽኑ ይህን በሰማ በማግስቱ እትዬን አስፈቅዶ ከማሽኑ ጥርስ ሥር የምትቀረውን ረጅሟን ጥጥ ለየብቻ ማጠራቀም ጀመረ። «በእሷ የኛን ፍራሽ እሠራለሁ» አለኝ። «ስትተኚበት ሰማይ ላይ ነሽ።» እኔም ቀኑን ሙሉ ሰማይ ላይ ነበርኩ፤ ፍራሹን ሳልጠብቅ።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ጋሽ ጆሮ በሩ ላይ አስቆሙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሳልሽ ተበላሽቷል።»

«እንዴት ጋሼ?»

«ሁለቱ አጭሮች ደህና ናቸው። ረጅሟ ግን ውኃ ገብቶባታል። መጨረሻዋ ላይ ደግሞ ያልጠራኋትን አንዲት ትንሽ ሳል ትጨምሪያለሽ። እኔ ስቆጥር አንድ ሰው እየበዛብኝ ነው! ቁጥሬን ሳታበላሺብኝ ሂጂና አሠሪው።»

ለካ ሰው ሁሉ ሰምቶት ኖሯል፤ አክስቴም፣ አውራጆቹም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት። ይኸው ተነስቼ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ነርሷ ወጣት ናት፣ ሳቂታ ፊት አላት። «ምን ልርዳሽ?» አለችኝ።

«ሳሌ ተበላሽቶብኝ ነበር ሲስተር። የድሮውን እንድትመልሱልኝ ነው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የድሮውን ምን?»

«የድሮ ሳሌን። ሁለት አጭር አንድ ረጅም ነበር። አሁን ጅራት አበቀለ።»

«ድሮም ከሳል ጋር ነበር የምትኖሪው?»

«ታዲያ ያለ ሳል ማን ይኖራል?»

እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳች። «ሳሉ ከሁለት ሳምንት ይበልጠዋል?»

ሴትየዋ ልትቀልድብኝ መሰለኝ። «ሲስተር ሙች፣ እኛ ቤት ሁለት ሳምንት ያሳለ ሰው ገና እንግዳ ነው።»

«ክብደት ቀንሰሻል?»

ቀሚሴ እንደሰፋኝ አውቃለሁ። «እሱ ፍቅር ነው» አልኩ።

«ምግብስ ይበላልሻል?»

«ፍቅር ይዞኝ እንዴት ይበላልኛል?»

«ማታ ማታ ያልብሻል?»

«እሱም… ፍቅር መስሎኝ።»

«እንግዲያው ይሄ ፍቅርሽ በአክታ ይመርመር» አለችና አንዲት ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጠችኝ።

ጉድ የመጣው ያኔ ነው። ዕድሜ ልኬን ሳልጠየቅ ያሳልኩ ሴት፣ ያቺን ዕቃ ይዤ ጓሮ ብቆም አንዲት ሳል አልመጣም አለች! ብጠራት፣ ብለምናት የለችም። ጉሮሮዬን ብጠርግ የምትወጣው የአክስቴን የምትመስል ኩሩ ነገር ናት። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ ባለማሽኑ ከጥጉ «ግህም» ሲል አሰብኩ። ከነጅራቷ መጣች።

ውጤቱ ቲቢ ነው ተባለ። የሳንባ።

ሳቅኩ። ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ፊቴ ሌላ የሚያደርገው ነገር ጠፍቶት ነው። ነርሷ ወንበሯን አስጠግታ እጄን ያዘችኝና፣ በደንብ የሚድን በሽታ ነው፣ ክኒኑን ሳታቋርጪ ለወራት ትውጫለሽ፣ መጀመሪያ ላይ ከሥራ ትቀሪያለሽ፣ ምርመራሽ ንጹሕ ሲሆን ትመለሻለሽ አለችኝ። ከዚያ ስለ ቤቴና ስለ ሥራዬ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ስለ ምድጃዋ ነገርኳት። ስለ ማሽኑ፣ ስለ ሚስማሩ፣ ስለ ሽቦ አቃጣዩ ነገርኳት። ስናገር ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች።

«በሽታውን የሚያመጣው ጀርም ነው፤ ከታመመ ሰው በአየር ይተላለፋል» አለች። «ግን ጭሱና ብናኙ የሳንባሽን በር ሲገዘግዙት ይከርማሉ፤ ድካሙና ሆድሽ አለመጥገቡ ዘበኛውን ያስተኙታል፤ የተዘጋው ክፍል ደግሞ አንዱ የተነፈሰውን ለሁሉም ያድላል። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ከአንቺ ጋር አንድ አየር የሚተነፍሱትን ግን ማየት አለብኝ።»

አንድ አየር! ከሱ ጋር ከአየር ሌላ ምን ተካፍለን እናውቃለን? ሰፈራችን ውስጥ አንድ ተከራይ ሳንባውን ታመመ ሲባል ያየሁት ታወሰኝ፤ መጀመሪያ ኩባያው ተለየ፣ ቀጥሎ ወንበሩ፣ በመጨረሻ እሱ ራሱ። ባለማሽኑ የወደደው ሳሌን ነው። ሳሉ በሽታ ነው ቢባል ከኔ ምን ቀረው? ይሸሸኛል። ያቺን ረጅም ጥጥ ለሌላ ሴት ፍራሽ ያደርጋታል። ይህ ብቻ ነበር በጭንቅላቴ የሚዞረው።

«ፍራሽ ቤቱን ይዩት» አልኳት ለነርሷ፤ ከድንጋጤዬ የተነሳ አንቱ አልኳት። «የኔን ነገር ግን እንዳይነግሯቸው።»

«የማንንም ነገር ለማንም አልናገርም» አለችኝ።

አክስቴ ስትሰማ አቀፈችኝ፤ አቀፈችኝና ወዲያው ቆጣ አለች። «ለልጁ ንገሪው! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«መድኃኒቱንማ ይዣለሁ። የደበቅኩት ከሱ ነው።»

«እሱስ ምንሽ ነው?» አለችና አፈጠጠችብኝ። እኔ ግን ግትር ነኝ። ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች በይልኝ ብዬ ለመንኳት። ከንፈሯን ነክሳ ተስማማች።

ቤታችን በዚያው ቀን ተገለበጠ። ምድጃዋ ከደጃፉ ውጪ ተባረረች። ግድግዳው ላይ ብርድና የመኪና ጭስ እንዳይገባ በጨርቅ የጠቀጠቅነው የመስኮት ቀዳዳ ነበር፤ አክስቴ ጨርቁን ስትመዘው መዥረጥ መዥረጥ እያለ አያልቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰረቀችኝ ብዬ ጎረቤቴን የተጣላሁባት ሐምራዊ ቀሚሴ ከቀዳዳው ወጣች! ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለው ሳቁ። እኔም ጀመርኩ፣ ሳሉም ተረከበኝ። ልጆቹም አክስቴም ተመርምረው ነፃ ሆኑ፤ ለመከላከያ የሚሆን ክኒን ተሰጣቸው።

ጠዋት ጠዋት ሻርፔን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ክኒኔን ልውጥ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ አክስቴን እጠብቃለሁ። እኛ ጋ ሳምንት የቀረ ሰው ቦታው የለም፤ በሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሞልቷል። ቦታዬ እንደሄደች ቆጥሬያለሁ። የምጠይቀው ሌላ ነው።

«ስለ እኔ ጠየቀ?»

«አልጠየቀም» ትላለች አክስቴ ጫማዋን እያወለቀች።

«ምንም?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ይላል?»

«ያስላል።»

«ሌላስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ያስላል አልኩሽ! ሌላውን ራስሽ ሄደሽ ጠይቂው።»

በዚህ ሁኔታ ሰው አያብድም? አንድ ቀን ግን ገና ከበሩ ሳትደርስ እየሳቀች መጣች። ነርሷ ፍራሽ ቤት መጥታ ኖሯል። ማሽኑን አስጠፍታ መሐል ቤት ቆመችና «ከሁለት ሳምንት በላይ ያሳላችሁ እጃችሁን አውጡ» አለች አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉ እስኪያባራ ሴትየዋ በር ላይ ወጥታ ጠበቀች። ከዚያ ለሁሉም ዕቃ አደለች። አውራጆቹ ማን ቀድሞ ይሞላል ብለው ተወራረዱ አሉ።

«መስኮቱስ?»

«ይከፈት አለች። እትዬ ደግሞ ‹ጥጤ ይበራል› አሉ። ‹ጭሱስ?› አሉ። ‹ሲስተር፣ ብከፍተው ጭስ፣ ብዘጋው በሽታ፤ አፍንጫችንን ነቅለን እንጣለው?› አሉ። እሷ ወደ ምርመራው ዞረች።»

«እሱስ? ተመረመረ?»

«ተመረመረ። ጆንያ የሚሞላ ነበር አወጣጡ።» ከዚያ ከላይ እስከታች አየችኝና አዘነችልኝ። «ውጤቱን ከሰዓት ራሱ ነገረን፤ ነፃ ነው ልጄ። የሱ ሳል የጥጥ ነው።»

ማታውን ሙሉ ዘፈንኩ። ሳልታመም ያልዘፈንኩትን ታምሜ ዘፈንኩ። ነፃ በመሆኑ እንዲህ ደስ ካለኝ ጥሎኝ ቢሄድም እችለዋለሁ ብዬ ራሴን ደለልኩ፤ ጠዋት ስነሳ ግን እንደማልችለው ገባኝ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ክኒን ልውጥ ተራ ይዤ ሳለ፣ ከፊቴ ኮፍያቸውን እስከ አፍንጫቸው ያወረዱ፣ የኮታቸውን ኮሌታ ያቆሙ ሽማግሌ ቆመዋል። እኔም ተሸፋፍኛለሁ፤ ሁለት ሌቦች ነው የምንመስለው። ሽማግሌው አሳሉ። ያን ሳል ሰምቼው አላውቅም። እኔ ሳስል ግን ዘወር አሉ።

«ሁለት አጭር አንድ ረጅም!»

«ጋሽ ጆሮ!»

ሁለታችንም ደነገጥን። «ጥርሴን አሞኝ ነው» አሉ ፈጠን ብለው። «እኔም ጥርሴን ነው» አልኩ። በዚሁ መሐል ነርሷ ከውስጥ ብቅ ብላ «የሳንባ ክኒን የምትወስዱ፣ ግቡ!» አለች። ተያየን። ከዚያ ሽማግሌው እንዲህ ሳቁ፤ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ኮፍያቸው ወድቆ፣ ዓይናቸው እያነባ።

«አየሽ ልጄ» አሉኝ ሲበርድላቸው፣ «የሰው ሁሉ ሳል ስቆጥር የኔን የቆጠረ ሰው አልነበረም። ቆጣሪ አይቆጠርማ! ነርሷ ከሁሉ በፊት ታመዋል ያለችው እኔን ነው። ምናልባት ላንቺም የሰጠሁሽ እኔ ነኝ።»

«ወይም እኔ ለእርስዎ።»

«እንግዲህ ተሰጣጥተናል» አሉ። ክኒናችንን ዋጥን፤ እንደ ጠጅ ጓደኛ ውኃውን አጋጨነው።

«እዚህ እንዳዩኝ ለማንም አይናገሩ» አልኳቸው።

«ለማንም ነው ለባለማሽኑ?»

ሻርፔን ወደ ዓይኔ ሳብኩ። ስንለያይ «ሳልሽ እየጠፋ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ጅራቷ ቀድማ ሄደች፣ ቀጥሎ ረጅሟ፣ በመጨረሻም ሁለቱ አጭሮች እንደ ተጣሉ እህትማማቾች ተራ በተራ ወጡ። አንድ ጠዋት ደረቴ ባዶ ቤት ሆኖ ነቃሁ። ደስታውን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ሥጋ አወጣሁ፣ ሐምራዊ ቀሚሴ ልክ ሆነችልኝ። ሐዘኔ ደግሞ በጎን በኩል አለ፤ የወደደኝ ሰው የሚያውቀኝ በዚያች ሳል ነዋ።

ጋሽ ጆሮ በሌሉበት ጊዜ የሚቆጥሩት እትዬ ሆኑ። ከቢሯቸው ወርደው የማያውቁት እትዬ በሩ ላይ ቆመው «መርፌ!» ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ ጥጥ ገባ። «ማሽን!» ሲሉ ጥጥ ገባ። ሳምንት ሳይሞላቸው ራሳቸው ማሳል ጀመሩ። አክስቴ እንደነገረችኝ፣ አንድ ጠዋት ቆጠራውን ጥለው «መዶሻ አምጡ!» ብለው ጮኹ። ነርሷ ያልቻለችውን እፍኝ ጥጥ ቻለው። አክስቴ ለግቢው መስኮቶች ከስስ ሻሽ መጋረጃ ሰፋች፤ ጥጡን ይይዛል፣ አየሩን ያሳልፋል። ሽቦ አቃጣዩ ጋ እትዬ ራሳቸው ሊጣሉ ሄዱ፤ ሰውየው ግን እያሳለ «እኔስ ወድጄ ነው?» ሲላቸው ጠቡ ጠፋቸውና የፍራሽ ጨርቅ የምንቆርጥበትን አሮጌ ቢላ ሰጡት፤ ሽቦውን እንዲልጥበት። አብዛኛውን ቀን ይልጣል። ሲቸኩል ያነዳል። የከባድ መኪናውን ጭስ ያቆመ ሰው ግን እስካሁን የለም፤ እትዬም መኪናው ፊት መቆም አይችሉም።

ነርሷ ምርመራዬን አይታ «ክኒኑ ይቀጥላል፤ ወደ ሥራሽ ግን መመለስ ትችያለሽ» አለችኝ። ጋሽ ጆሮም በዚያው ሰሞን ተፈቀደላቸው። ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው እንደሚኖር አውቄ ሄድኩ። ለሥራው አልሄድኩም ብል ይሻላል፤ ሊሸሸኝም ከሆነ ፊት ለፊት ይሽሸኝ ብዬ ነው። ሐምራዊዋን ለበስኩ።

ስደርስ ማሽኑ ገና አልተነሳም፤ በመስኮቶቹ በኩል ብርሃን ገብቶ የቤቱን ግድግዳ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። አረንጓዴ ነው! እስከዚያ ቀን ነጭ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ጆሮ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል፤ ዛሬም በጆሮ ነው። እኔ ከኋላቸው ነኝ። ውስጥ ያሉት ሁሉ አዩኝ፤ አክስቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በሉ አለቻቸው። አንድ ያላየኝ ባለማሽኑ ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶ የማሽኑን ጥርስ ያጸዳል። የሙሌት ቦታዬ ባዶ ናት። ማንም አልተቀመጠባትም።

«መርፌ!» አሉ ጋሽ ጆሮ። አክስቴ አሳለች።

«ማሽን!» «ግህም።»

«ሙሌት!»

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ምንም የለም። ያኔ ከጥጉ፣ ከማሽኑ በኩል፣ ጀርባውን እንደሰጠ፣ አንገቱን አጎንብሶ፣ ቀጠን አድርጎ፣

«ኡህ፣ ኡህ፣ ኡኡኡህ።»

ጋሽ ጆሮ ዓይናቸውን ከፈቱ። «የማነው ይሄ? ይቺ ሳል ስትሞት በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ምን ማለትዎ ነው?» አሉ እትዬ ከበስተኋላ። «እኔ ስቆጥር በየቀኑ ጠዋት አለች! አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም!»

ገባኝ። በየቀኑ ጠዋት፣ አንድ ጊዜ ለራሱ፣ አንድ ጊዜ ለኔ። ክፍያችን በሞላነው ፍራሽ ነውና የማንንም ገንዘብ አልበላም፤ ቦታዬን ብቻ ነው የጠበቀልኝ። አክስቴ «ያስላል» ስትለኝ ሁሉንም ነግራኝ ነበር። ሳቄ መጣ። ከሆዴ ተነሳ፣ በደረቴ አለፈ፣ የሚረከበው ሳል አጣና ዝም ብሎ ሄደ፤ ሄደ፣ ሄደ፣ ጣሪያው ጋ ደርሶ ተመለሰ። እስከ መጨረሻው ሳቅኩ። ለካ ሳቄ ረጅም ነው!

ባለማሽኑ ዘወር አለ። ያን ሳቅ ሰምቶት አያውቅም፤ ያወቀኝ ግን ወዲያው ነው።

«ዘመድ ጥየቃ አልሄድኩም» አልኩት ሰው ሁሉ እየሰማ፤ አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም። «ቲቢ ይዞኝ ነው። አሁንም ክኒን እየዋጥኩ ነው። ያቺ የምትወዳት ሳል ደግሞ የለችም።»

እጁን በሱሪው ጠረገ። «አውቃለሁ» አለ። «ውኃ ሲገባባት ከጋሽ ጆሮ በፊት ሰምቼ ነበር። ግን የምወደውን ሰው ሳልሽ ተበላሸ ይባላል? ፍቅር ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«እኔም ፍቅር መስሎኝ ነበር።»

«ነርሷ ስትመጣ ገባኝ። ዘመድ ጥየቃ ካልሽ ዘመድ ጥየቃ ይሁን አልኩ። ሲያሻት ትነግረኛለች፣ እስከዚያ ግን ቦታዋን ማንም አይቀመጥባትም ብዬ…» አላስጨረሰውም፤ የራሱ ሳል፣ ያ በርሜሉ፣ መጣበት። ሲያባራለት በአገጩ ወደ መስኮቱ አመለከተ። መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ፣ ዳር ዳሩ በአክስቴ መርፌ የተሰፋ ወፍራም ፍራሽ ተደግፏል። ስፋቱን አየሁት፤ ልክ የሁለት ሰው ነው።

አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፤ የትኛው የትኛው እንደነበር አላውቅም።

«ይበቃል!» አሉ ጋሽ ጆሮ አፍንጫቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። «ቁጥሬን አበላሻችሁት። እንደገና ከመጀመሪያው!» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «መርፌ!… ማሽን!…»

ወደ ቦታዬ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ሙሌት!»

ባለማሽኑ ከልማዱ የተነሳ ደረቱን ሲነፋ አየሁት፤ ቀደምኩት።

«አለሁ!» አልኩ፣ አፌን እስከ ጥግ ከፍቼ። ጥጥ አልገባበትም።